ከቴሌቪዥን ወደ ሞባይል የሚዘዋወር የሬዲዮ ሞገድ ኢኮኖሚያዊ ፋይዳ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ አንጻር

የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬትና እንደ ውኃ ሁሉ ውስን የሕዝብ ሀብት ነው። ከመሬት የሚለይበት አንድ ጠባይ ግን አለው። ጦም ያደረ ማሳ ለከርሞ ለምነቱን ሊጨምር ይችላል፤ ሥራ ሳይሠራበት የዋለ ሞገድ ግን የዕለቱን ጥቅም ይዞ ያልፋል፤ ለነገ የሚቀመጥ ትርፍ የለውም። በዚህም ምክንያት የትኛው ሞገድ ለየትኛው አገልግሎት ይዋል የሚለው ጥያቄ ከምሕንድስና አልፎ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥያቄ ይሆናል።

ቀድሞ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ ተደልድሎ የነበረው ሞገድ፣ ሥርጭቱ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲሸጋገር ከፊሉ ትርፍ ሆኖ ይወጣል። ይህ ትርፍ በዘርፉ «ዲጂታል ትሩፋት» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ትሩፋቱ ከየት እንደሚገኝ፣ ወደ ሞባይል አገልግሎት ሲዘዋወር ዋጋው እንዴት እንደሚታይ፣ እንዲሁም እንደ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ባለ ደጋማ፣ ሸለቆ የበዛበትና አብዛኛው ነዋሪ በገጠር በሚኖርበት ሥፍራ ምን ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ያብራራል።

ትሩፋቱ ከየት ይገኛል

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዓለም ቴሌቪዥን በሙሉ አናሎግ ነበር። በአናሎግ አሠራር አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በአገራችን ክልል በሚሠራበት ስሌት 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው አንድ መስመር ብቻውን ይይዛል። ይህም ብቻ አይደለም፤ አንዱ ማሰራጫ ሌላውን እንዳይረብሽ ከጎኑ ያሉ መስመሮች በዚያው አካባቢ ባዶ መቅረት ነበረባቸው። ከአሥር ዓመት በላይ አንድና ሁለት ጣቢያ ብቻ በሚታይበት አካባቢ እንኳ ሰፊ ሞገድ ታጥሮ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲጂታል አሠራር ይህን ለውጦታል። በሁለተኛው ትውልድ የዲጂታል ምድራዊ ሥርጭት ደረጃ ያው 8 ሜጋኸርዝ መስመር እንደ ምስሉ ጥራት ከአሥር የማያንሱ ፕሮግራሞችን በአንድነት ሊሸከም ይችላል። ፕሮግራሞቹ ሳይቀነሱ የሚይዙት ቦታ ይጠብባል።

ለዚህ ሽግግር ዓለም አቀፍ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተደረሰው ስምምነት ነው። ስምምነቱ አፍሪካን፣ አውሮፓንና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮችን ያካተተ ሲሆን፣ ከ470 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ ለአናሎግ ሥርጭት የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ጥበቃ የሚያበቃበትን ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015) አድርጎ ወስኗል። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከ790 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለውን ለሞባይል አገልግሎት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተካሄደው ጉባኤ ደግሞ በአፍሪካ አገሮች ግፊት ጭምር ከ694 እስከ 790 ያለውን ጨመረ፤ የ2015ቱ ጉባኤም ዝርዝሩን አጸደቀ። የአፍሪካ ግፊት ምክንያት ነበረው። አውሮፓ በየቤቱ የስልክና የኬብል መስመር ስለነበራት ሞባይል ለእርሷ ተጨማሪ ነበር፤ ለአህጉራችን ገጠር ግን ሞባይል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መስመር ነው።

በቁጥር ሲታይ የመጀመሪያው ትሩፋት 72፣ ሁለተኛው 96፣ በድምሩ 168 ሜጋኸርዝ ነው። ለቴሌቪዥን የሚቀረው ከ470 እስከ 694 ያለው 224 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ይህም 28 የስምንት ሜጋኸርዝ መስመሮች ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር አሥርና ከዚያ በላይ ፕሮግራም ሊሸከም እንደሚችል ሲታሰብ፣ ሽግግሩ የቴሌቪዥንን ቤት አያፈርስም፤ የማይኖርባቸውን ክፍሎች ያስለቅቃል እንጂ።

ዝቅ ያለ ሞገድ በደጋው ላይ

የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሜጋኸርዝ እኩል አይደለም። ሞገዱ ዝቅ ባለ ቁጥር ርቆ ይጓዛል፣ ቅጠልና ግድግዳ አልፎ ይገባል፣ በኮረብታ ጠርዝም ላይ በመጠኑ ይታጠፋል። በገላጣ ሥፍራ በሚሠራበት ቀመር፣ በ700 ሜጋኸርዝ የተላከ ምልክት በተመሳሳይ ርቀት በ2100 ሜጋኸርዝ ከተላከው ጋር ሲነጻጸር የሚደርስበት መዳከም ወደ 9.5 ዴሲቤል ያንሳል። የዴሲቤሉ ቁጥር ለባለሙያ ነው፤ ለሌላው አንባቢ ትርጉሙ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ በገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የምሥራቅ ጎጃም ዞንን እንውሰድ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 2,153,937 ነበር፤ የቆዳ ስፋቱም ወደ 14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከነዋሪው በከተማ የሚኖረው ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ራሷ በዚያ ቆጠራ 62,497 ሰው ነበራት። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ሆኖም ለምሳሌነት እነዚህ ቁጥሮች ይበቃሉ።

አንድ የኔትወርክ ማማ በከፍተኛ ሞገድ 5 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ያገለግላል እንበል። የሚሸፍነው 78 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዞኑን ለማዳረስ ወደ 178 ማማዎች ያስፈልጋሉ። ያው ማማ በዝቅተኛ ሞገድ 10 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ሽፋኑ 314 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሚያስፈልጉት ማማዎችም ወደ 45 ይወርዳሉ። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ሽፋኑ በአራት እጥፍ ያድጋልና። እነዚህ የወረቀት ቁጥሮች ናቸው። የሽፋን ክበቦች እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው፤ መሬቱም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ስለዚህ በሁለቱም አሠራር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሚጠፋ አይደለም።

ልዩነቱ ለአገልግሎት ሰጪው ውሳኔ ያለው ክብደት ከማማ ቁጥር በላይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አማካይ የሕዝብ ጥግግት በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 154 ሰው ነበር። በዚህ ስሌት ትንሹ ክበብ 12,000 ያህል፣ ትልቁ ደግሞ 48,000 ያህል ሰው ያቅፋል። የገጠር ደንበኛ በወር የሚሞላው የአየር ሰዓት አነስተኛ ነው። 12,000 ሰው መካከል የቆመ ማማ ወጪውን ላይመልስ ይችላል፤ 48,000 ሰው መካከል የቆመው ግን ሊመልስ ይችላል። ኩባንያ አንድን ቀበሌ «አያዋጣም» ብሎ የሚተወው ወይም «ያዋጣል» ብሎ የሚገባበት ድንበር በአብዛኛው ከዚህ ስሌት የሚነሳ ነው።

የማማ ወጪ የብረቱ ዋጋ ብቻ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር ከሌለ የፀሐይ ኃይል ወይም ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ መጓጓዝ አለበት፤ ከማማው እስከ ዋናው መስመር ፋይበር ወይም የማይክሮዌቭ ግንኙነት መዘርጋት አለበት፤ ጥበቃ መቀጠር አለበት። ጥቁር አፈር በበዛበት የእነማይና የአካባቢው ሜዳ ክረምት ሲገባ ከዋናው መንገድ የሚወጣ መኪና ጭቃ እንደሚይዘው አገሬው ያውቃል፤ በሐምሌ የተበላሸ መሣሪያ የሚጠገነው መንገዱ ሲፈቅድ ነው። የሚቀንስ ማማ ሁሉ ይህን ሁሉ ወጪ ይዞ ይቀንሳል።

የመሬቱ አቀማመጥ ግን የራሱ ሕግ አለው። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አፋፉ ላይ የቆመ ማማ ማዶውን ጎሃ ጽዮንን ሊያይ ይችላል፤ ከእግሩ ሥር ያለውን የበረሃ መንደር ግን አያየውም። ዝቅተኛ ሞገድ በጠርዝ ላይ በመጠኑ ቢታጠፍም ተራራ አይበሳም። በባሶ ሊበን፣ በደጀንና በሸበል በረንታ ወረዳዎች ወደ ዓባይ የሚወርዱት ቀበሌዎች በየትኛውም ሞገድ ተጨማሪ ትንንሽ ጣቢያዎች ይፈልጋሉ። በተቃራኒው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ እጅግ ሩቅ የሚያይ ሥፍራ ነው። እዚያ ላይ አንድ ማማ አቁሞ ስናንንም ቢቡኝንም መሸፈን የሚቻል ይመስላል፤ ልምድ ያለው መሐንዲስ ግን ይህን አይመርጥም። ከመጠን በላይ የሚያይ ማማ ከሩቅ ማማዎች ጋር ይረባበሻል፤ በሥሩ የሚሰበሰበው ተጠቃሚ ብዛትም ፍጥነቱን ያንቀራፍፈዋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ገደብ አለ። ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይደርሳል እንጂ ብዙ አይሸከምም። ከሁለቱ ትሩፋቶች በተለመደው አደላደል ለመላኪያና ለመቀበያ ተጣምሮ የሚገኘው ሁለት ጊዜ 60 ሜጋኸርዝ ያህል ነው፤ ይህም በኩባንያዎች መካከል ይከፋፈላል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም በከተማዋ የገበያ ቀን ለሚፈጠረው መጨናነቅ መፍትሔው ከፍተኛው ሞገድ ነው። ዝቅተኛው የገጠሩን ርቀት፣ ከፍተኛው የከተማውን ብዛት ይሸከማሉ።

ዋጋው እንዴት ይታያል

የሞገድ ዋጋ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መንግሥት ለፈቃዱ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዜጎች ከአገልግሎቱ የሚያገኙት ጥቅም ነው። የመጀመሪያው በዜና ስለሚነገር ጎልቶ ይታያል፤ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሮናልድ ኮዝ ሞገድ በዋጋ ይመደብ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበበት ጊዜ ዋናው ነጥቡ ሀብቱ ይበልጥ ለሚጠቀምበት እንዲደርስ እንጂ ግምጃ ቤት እንዲሞላ አልነበረም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህን በግልጽ ያሳያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጠናቀቀችው ጨረታ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች 84 ሜጋኸርዝ አስለቅቃ 19.8 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበች፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ሞገዳቸውን ለለቀቁት ጣቢያዎች ተከፈለ። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኘችው 2.34 ቢሊዮን ፓውንድ ከተጠበቀው በታች ነበር፤ ነገር ግን ከአሸናፊዎቹ አንዱ እስከ 2017 መጨረሻ ለ98 በመቶ ሕዝብ በቤት ውስጥ የሚሠራ አገልግሎት የማድረስ ግዴታ ገባ። ሕንድ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ለ700 ሜጋኸርዝ የጠየቀችው መነሻ ዋጋ እጅግ ከፍ በማለቱ አንድም ገዢ አልቀረበም፤ ሞገዱ የተሸጠው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት የታጣውን ጥቅም የሚመልስ ጨረታ የለም።

ለጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው የጀርመን ምሳሌ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2010 የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ስትሸጥ ገዢዎቹ ቅድሚያ 5,000 እና ከዚያ በታች ነዋሪ ያላቸውን አገልግሎት ያጡ ሥፍራዎች እንዲሸፍኑ፣ ከዚያ ወደ መለስተኛ ከተሞች፣ በመጨረሻም ወደ ትልልቆቹ እንዲሄዱ አስገደደች። የተለመደው አካሄድ ከዋና ከተማ ተነስቶ ወደ ገጠር መውረድ ነው፤ እርሷ ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። በምሥራቅ ጎጃም ይህ ቢተረጎም ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣና ከቢቸና በፊት የገጠሩ ቀበሌዎች ይቀድማሉ ማለት ነው።

በአገራችን የቴሌኮም ዘርፍ ለውድድር የተከፈተው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ይኸው አዋጅ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። በ2013 ዓ.ም. ለሁለት አዲስ ፈቃዶች በወጣው ጨረታ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አንዱን ሲያሸንፍ፣ ከሌላ ኩባንያ የቀረበው የ600 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል። ገንዘቡ የሙሉ ፈቃዱ እንጂ የሞገድ ብቻ ዋጋ አይደለም፤ በመሆኑም ከውጭ አገር የሞገድ ጨረታዎች ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል።

ሁለተኛውን መልክ፣ የዜጋውን ጥቅም፣ መለካት ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት በታዳጊ አገሮች የብሮድባንድ ተደራሽነት በ10 በመቶ ነጥብ ሲጨምር የኢኮኖሚ ዕድገት በ1.38 በመቶ ነጥብ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ቁጥሩ በብዙ ሰነዶች ውስጥ ይጠቀሳል፤ ሆኖም ሀብታም የሆነ አገር ብሮድባንድ ይገዛል ወይስ ብሮድባንድ አገርን ሀብታም ያደርጋል የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይለይምና በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ወደ መሬት የወረዱ ጥናቶች ይሻላሉ። በሕንድ ኬረላ የዓሣ አጥማጆች ሞባይል ሲይዙ ትርፋቸው በ8 በመቶ ገደማ አደገ፤ የሸማቹ ዋጋም በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በኒጀር የእህል ገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ሞባይል ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 16 በመቶ ጠበበ።

የኒጀሩ ለጎጃም ጤፍ ቅርብ ምሳሌ ነው። በደብረ ወርቅና በደጀን ገበያ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ቀድሞ የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ ገበሬው የሚያውቀው አህያውን ጭኖ ከገበያ ከደረሰ በኋላ ነው። ደርሶም ዋጋው ካልጣመው እህሉን መልሶ መጫን ከባድ ስለሆነ ይሸጣል። ስልክ ይህን ሚዛን ሊያስተካክል ይችላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ገበሬዎች ላይ የታተመ ጥናት ስልክ ካላቸው ገበሬዎች ለገበያ መረጃ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ምክንያቱም በስልክ የሚገኝ ጠቃሚ መረጃ አለመኖሩ ነው። ለግብርና ምክር የተዘረጋው ነጻ የስልክ መስመር 8028 እና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዋጋ መረጃ መስመር 929 ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው። በድምፅ ስለሚሠሩም ማንበብ ለማይችል ገበሬ ጭምር ያገለግላሉ። ሞገድ መንገድ ነው፤ በመንገዱ የሚጫነውን ማዘጋጀት የሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ሥራ ነው።

ለገንዘብ ዝውውርም እንዲሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በቀላል ስልክ በአጭር ቁጥር እንዲሠራም ተደርጎ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ለወላጆቹ ገንዘብ ሲልክ ጥቅሙ የሚታየው ወላጆቹ ባሉበት ቀበሌ ምልክት ሲኖር ነው። ምልክት ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ሰው የሚያጠፋው ጊዜ በየትኛውም የጨረታ ሰነድ ውስጥ አይመዘገብም፤ የኢኮኖሚ ዋጋ ግን አለው።

ተመልካቹ ምን ያጣል

ሞገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚለቀው ወገን ኪሳራም መቆጠር አለበት። በኢትዮጵያ ይህ ኪሳራ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። የቴሌቪዥን ተመልካቹ አብዛኛውን ጣቢያ የሚያየው በሳተላይት ሳህን ነውና፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ የሚያሰራጨውን የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንን ጨምሮ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት ሥር በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ላይ መሰባሰባቸው ይህን ይበልጥ አጠናክሯል። ሳተላይቱ የሚጠቀምበት ሞገድ እጅግ ከፍ ያለና የተለየ ስለሆነ በዚህ ድልድል አይነካም። ጣሪያው ላይ ሳህን ያለው ቤተሰብ የሚያጣው ነገር የለም።

የሚነካው ሳህን መግዛት ያልቻለና በተለመደው የዘንግ አንቴና የሚያይ ቤተሰብ ነው። ለእርሱ ዲጂታሉን ምልክት የሚተረጉም ዲኮደር ያስፈልገዋል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ፣ ኬንያም በ2015 መጀመሪያ አናሎግን ማጥፋት ሲጀምሩ ይህን ዕቃ ማን ይግዛ፣ ማንስ ያሰራጭ የሚለው ጥያቄም ውዝግብ አስነስቶ ነበር። ወጪውን ከሞገዱ ገቢ መሸፈን በመርህ ደረጃ አስቸጋሪ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ተጠቃሚም አለ። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በአዳራሾችና በሠርግ ድንኳኖች የሚሠራባቸው ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች ብዙዎቹ በዚሁ የቴሌቪዥን ሞገድ ክፍት ቦታ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ማይክሮፎን የሞባይል ማማ በአቅራቢያው ሲበራ ሊያንሾካሹክ ወይም ጨርሶ ሊቋረጥ ይችላል። አዲስ የሚገዛ ሰው በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን የሞገድ ቁጥር ማየት ይጠቅመዋል።

ጥቅሙን የሚያስቀሩ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው ስልኩ ራሱ ነው። በገጠር በብዛት የሚያዘው ቀላል የቁልፍ ስልክ በአብዛኛው የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ በ700 ወይም በ800 ላይ የሚወጣውን አራተኛ ትውልድ አገልግሎት አይሰማውም። ስማርት ስልክም ቢሆን ሁሉም ሞዴል ሁለቱን ሞገዶች አይቀበልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማማው ቆሞ ተጠቃሚው ጥቂት ሊሆን ይችላል። በስልክ ቀፎ ላይ የሚጣል ታክስና በሞገድ ላይ የሚጣል ዋጋ ተያይዘው መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው፤ በአንዱ በኩል የተገኘው በሌላው በኩል ሊጠፋ ይችላልና።

ሁለተኛው የአገልግሎት ቀጣይነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚህ በላይ የተጠቀሱት የጥቅም ስሌቶች በሙሉ አገልግሎቱ በየዕለቱ ይሠራል በሚል ግምት ላይ የቆሙ ናቸው። ስሌቱ ሲሠራ የተቋረጡ ቀናት ከድምሩ መቀነስ አለባቸው፤ ነጋዴውና ገበሬው በአገልግሎቱ ላይ ተማምነው አሠራራቸውን ለመለወጥ የሚወስድባቸው ጊዜም ይረዝማል።

ሦስተኛው የፈቃድ ውል ነው። በውል ውስጥ የሽፋን ግዴታ በሕዝብ መቶኛ ብቻ ሲጻፍ ኩባንያው በቀላሉ የሚያሟላው በመንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ነው። ከደጀን በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስና በአማኑኤል በኩል ያለውን አውራ ጎዳና፣ እንዲሁም ከደጀን በቢቸናና በሞጣ የሚያልፈውን የሸፈነ ኩባንያ ከዞኑ ሕዝብ ብዙውን እጅ ሸፍኛለሁ ሊል ይችላል። በጮቄ ትከሻ ድንችና ገብስ የሚያመርተው፣ በዓባይ ተዳፋት የሚኖረው ግን ከቀሪው መቶኛ ውስጥ ይወድቃል። ግዴታው በቀበሌ ስም ዝርዝር ሲጻፍ፣ የሚጠበቀው ዝቅተኛ ፍጥነትም አብሮ ሲቀመጥ፣ የተፈጸመና ያልተፈጸመውን የወረዳ አስተዳደርም ነዋሪውም በቀላሉ መለየት ይችላል። የሽፋን ካርታ በኮምፒዩተር ስሌት የሚሣል በመሆኑ በሸለቆ አገር ብዙ ጊዜ ከእውነታው የሰፋ ሆኖ ይወጣል፤ ማረጋገጫው በየቀበሌው በስልክ የሚደረግ ልኬት ነው፤ ልኬቱም በበጋና በክረምት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል።